ሁለት ቆርቆሮ ቀይ ዘይት

ነገሩ ያስከፈለኝን አስቀድሜ ልናገር። አንዲት መኪና፣ አንድ የክርስትና ልጅ፣ ከአንድ ካህን ጋር የነበረኝ የረጅም ጊዜ ወዳጅነት፣ እና በደብረ ብርሃን ገበያ «በቀለ አይታለልም» የሚባልልኝ ስም። ሁሉም የሄደው በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ያታለለኝም የሰረቀኝም ሰው የለም። ምስጢርም አይደለም፤ ያገሬ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ አንዳንዱማ ከእኔ አሳምሮ ያወራዋል። እንዲያው እነሱ ሲያወሩት «መኪናዋ ተበላሸችበት» ብለው ያልፉታል። መኪናዋ አልተበላሸችም ነበር። እኔን ያሳፈረኝ እሱ ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። እኔ ቅቤ ነጋዴ ነበርኩ። ከደነባ፣ ከአንኮበር፣ ከጣርማ በር ዙሪያ የሚመጣውን ሰብስቤ አዲስ አበባ እልካለሁ። ትምህርቴ ዳዊት ከመድገም አላለፈም፤ የቀረውን ገበያ አስተማረኝ። ቅቤ ውስጥ ውሃ የሚመታ አለ፣ የተቀቀለ ድንች የሚለውስ አለ። እኔ በአውራ ጣቴ አሸት አድርጌ ወደ አፍንጫዬ ካስጠጋሁት ማን እንደናጠውና ምን እንደጨመረበት እናገራለሁ። አንድ ሕግ ነበረኝ። የሚናጥ ቅል አልገምትም። ሴትየዋ እየናጠች «ይህን ያህል ይወጣዋል» ብትለኝ፣ «እመቤቴ፣ መጀመሪያ አስቀምጪው፤ ይርጋ፣ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ እናየዋለን» እላታለሁ። በዚህ ሕግ ብዙ ዓመት ነግጄ አንድ ቀን አልከሰርኩም። የከሰርኩ ዕለትም ሕጉን አልጣስኩም።

መኪናዋን የገዛኋት አገሩ ሊመለስ ከተነሳ አሜሪካዊ የመንገድ መሐንዲስ ነው። አውቶማቲክ ነበረች። ፍሪሲዮን የላትም፣ ማርሿን ራሷ ትቀይራለች። በከተማችን እንዲህ ያለ አልታየምና የጭነት ሾፌሮች እየገቡ ይቀመጡባትና ግራ እግራቸውን የት እንደሚያደርጉት ይጨንቃቸው ነበር። ሰውየው ሲያስረክበኝ በአስተርጓሚ እንዲህ አለኝ፦ «የካምቢዮዋ ዘይት ቀይ ነው። ቡናማ መሆን ሲጀምር ቀይረው። የተቃጠለ ነገር እስኪሸት አትጠብቅ።»

አስተርጓሚውን ወደ ጎን ሳብ አድርጌ፣ «ዘይት የሚሸጥ ዘመድ አለው እንዴ?» አልኩት።

በዚያው ተውኩት። ምክንያት ነበረኝ። የሞተር ዘይት ይቃጠላል፣ ይጎድላል፤ ይገባኛል። ይህኛው ግን በተዘጋ ሆድ ውስጥ ያለ ነው፤ አይፈስም፣ አይተንም። ያልጎደለ ነገር ምን ተብሎ ይለወጣል? ሦስት ዓመት ያህል ነዳኋት።

የክርስትና ልጄ ዲያቆን ጥበቡ ሚስት ታጨችለት። ልጅቱ አስካለ ትባላለች፤ አንኮበር ያሉት የወዳጄ የመሪጌታ ላቀው ልጅ ናት። ጋብቻው የቁርባን ነው፤ ዲያቆን ቅስና ለመቀበል በተክሊል ማግባት አለበትና። ቀኑ የቅበላ እሑድ ሆነ፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ አንድ ሌሊት ሲቀረው። ቅዳሜ ሙሽራይቱን ከአንኮበር አምጥተን፣ እሑድ ሲነጋ በሙሽራው ደብር ተክሊሉ ይደርሳል፤ ተክሊል ደግሞ ከቅዳሴ በፊት ነው። ቅዳሴ ከተገባ በኋላ ለደረሰ ሙሽራ ተክሊል የለም። ካመለጠ ሰኞ ጾም ይገባል፣ ሠርጉ ከፋሲካ ወዲያ ይሄዳል፣ የታረደውም ከብት ለዚያው ማታ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ሙሽራይቱን የማመጣው እኔ ነኝ ያልኩትም ይህን እያወቅሁ ነው።

ለሙሽራ የሚሆን መኪና ይታጠባል፣ ይወለወላል። ስታጠብ ቆሜ ሳለ የዚያ ሰውዬ ነገር ትዝ አለኝና መለኪያውን ዘንግ መዝዤ አየሁት። ዘይቱ ጠቁሯል። አሸተትኩት፤ ያረረ ቅቤ ይሸታል። አፈርኩ። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ሱቅ ባገኝ ጉድ የምል ሰው ነኝ። አዲስ አበባ ልኬ ቀዩን ዘይት አስመጣሁና ሐሙስ ዕለት ደምሴ ዘንድ ወሰድኳት።

ደምሴ የከተማችን ሜካኒክ ነው። ከመንገድ ሥራ ካምፑ አሜሪካኖች ጋር ትንሽ ጊዜ ሠርቷል፤ ትንሽነቷን ግን አያወራም። ዘይቱን በጣቱ አሻሸና ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሽ በቀለ፣ ይሄ የዛሬ ዓመት ነበር መለወጥ የነበረበት።»

«አውቃለሁ። አሁን ለውጠው።»

«ሠርጉ ይለፍ። እንዲህ የዘገየ ነገር ተለውጦ ጥቂት ቀን ሜዳ ላይ ተነድቶ፣ ጠባዩ ታይቶ ነው ዳገት የሚወጣበት። ከነገ ወዲያ አንኮበር ነዎት።»

«ሙሽራ ባረረ ዘይት ላምጣ?»

«ሦስት ዓመት ቅቤ ጭነውበት ሄደው የለ?» አለኝ። ጋራዡ ውስጥ የነበሩት ሳቁ። ሳቃቸውን አልወደድኩትም።

ከሆዷ ሥር ያለውን ብሎን ፈታ፣ ጥቁሩ ፈሰሰ፣ ቀዩ ገባ። የተወሰነ ቆርቆሮ ከገባ በኋላ ሞተሩን አስነስቶ፣ ማርሹን ወዲያና ወዲህ አመላለሰና ሞተሩ እየሠራ ዘንጉን መዘዘ። «ጎድሏል። እነዚህም ሁለቱ ይግቡ» አለ፣ የቀሩትን ቆርቆሮዎች እያየ።

«ሞተሩን አጥፋ» አልኩት።

አጠፋ። ትንሽ ቆይቼ ዘንጉን ራሴ መዘዝኩ። ዘይቱ ምልክቱ ድረስ ደርሷል፤ እንዲያውም አልፎታል። ለሁሉም አሳየሁ።

«ይሄ ምንድን ነው ደምሴ?»

«ጠፍታ ነዋ። እሷ የምትለካው ሞተሯ እየሠራ፣ ሞቃ ነው።»

«ለምን?»

«አሜሪካኖቹ እንዲያ ሲያደርጉ ነው ያየሁት።»

«ለምን እንደሆነ ታውቃለህ ወይስ አታውቅም?»

«አላውቅም።»

እዚህ ላይ ነው ያሸነፍኩት። ክንዴን ኮፈኑ ላይ አስደግፌ ለተሰበሰበው ሰው ንግግር አደረግሁ። የሚናጥ ቅል ውስጥ ስንት ቅቤ እንዳለ ማን ይገምታል? እየተንገጫገጨ፣ እየሞቀ፣ አረፋ እየደፈቀ ያለ ነገር ይለካል? ዕቃ የሚለካው ሲረጋ ነው። ሜካኒክና ቅቤ አምጪ ግን ለምን ይሆን ሁለቱም በሙቅ ለኩልን የሚሉት? ሰው ሳቀ፤ በዚህኛው ሳቅ ደስ አለኝ። ደምሴ ፊቱ ቀላ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገና «መኪናዋ የእርስዎ ናት» አለ። ሁለቱን ቆርቆሮ ይዤ ሱቄ ገባሁና ከመደርደሪያው አናት አስቀመጥኳቸው። ሰው ሲጠይቀኝ «ከደምሴ አፍ ያስጣልኳቸው ናቸው» እል ነበር።

ቅዳሜ ሙሽራውንና አንድ ሚዜ ይዤ አንኮበር ወረድኩ። መንገዱ ሜዳውን አቋርጦ መጨረሻው ላይ ቁልቁለት ነውና መኪናዋ እንደ ውሃ ሄደች። ምሳው ተበላ፣ ተመረቀ። መሪጌታ በደጃቸው ሁለት የተሸለሙ በቅሎዎች አቁመው ነበር።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?» አልኳቸው።

«ከኋላ ይከተሉን ብዬ ነው። መንገድ አይታወቅም።»

«መሪጌታ፣ መኪናን በቅሎ ሲያጅባት ታይቶ ይታወቃል? ሰው ምን ይላል? ይልቅ እርስዎም ከፊት ይቀመጡና የልጅዎን ተክሊል በዓይንዎ ይዩ።»

አመነቱ። ጎረቤታቸው በዚያው ዕለት ለሌላ ሠርግ በቅሎ ፈልጎ ነበርና ሁለቱንም ሰጡት። ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው ከጎኔ ተቀመጡ፤ ኋላ ሙሽራውና ሙሽራይቱ ከነሚዜው። አስካለ ተሸፋፍና፣ ሚዜው አቅፎ ነው ያስገባት፤ ሙሽራ ከአባቷ ደጅ ከተነሳች የባሏ ቤት እስክትደርስ እግሯ መሬት አይረግጥም። ስንነሳ ያን የዘይት ወሬ አወራሁላቸው፤ ደምሴን እንዴት እንዳስቆምኩት፣ እንዴት ሁለት ቆርቆሮ እንዳተረፍኩ። ጥበቡ ሳቀልኝ። መሪጌታ «አንተን ማን ይችልሃል» አሉኝ። አስካለ ከነሽፋኗ ትሰማለች።

ከአንኮበር ወጥቶ ሜዳው እስኪገኝ ያለውን ዳገት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ገና ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ሞተሩ ጮኸ። ነዳጅ ስረግጥ ጩኸቱ ይጨምራል፣ መኪናዋ ግን ትቀዘቅዛለች። ከዚያ ጭራሽ ቆመች፣ ቀጥላም ወደ ኋላ ሸተት አለች። ፍሬን ያዝኩ። ሚዜው ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ከተተ።

«ምን ሆነች?» አሉ መሪጌታ።

«ትንሽ ትረፍ» አልኩ።

ስታርፍ ትንሽ ትሄዳለች። ቁልቁለትና ሜዳ ላይ ደህና ናት፤ አፍንጫዋ ወደ ላይ ሲቀና ግን ሞተሩ ብቻውን ይዘፍናል። ጥበቡ ነጭ በነጭ እንደለበሰ ወርዶ መግፋት ጀመረ። ቀጥሎ መሪጌታ ወረዱ። አስካለ ከውስጥ፣ «አባባ፣ ክብደት ልቀንስ፣ ልውረድ?» አለች።

«አንቺ ቁጭ በይ» አሏት፤ ካባቸውን አውልቀው ለእሷ አቀበሏትና በጥምጥማቸው ጎንበስ ብለው ገፉ። እኔ መሪ ይዣለሁ። በመስታወት አያቸው ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ሙሄ ደረሰ። ሙሄ የአልዩ አምባ ነጋዴ ነው፤ በርበሬና ጥጥ በበቅሎ ወደ ላይ ያወጣል። በገበያ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀናል። በቅሎዎቹን አቁሞ መጀመሪያ መኪናዋን፣ ቀጥሎ የመሪጌታን አቧራ የለበሰ ጥምጥም አየ።

«አሰላሙ አለይኩም። በቀለ፣ መኪናህ ጾም ጀመረች እንዴ? ለእናንተ ገና ከነገ ወዲያ መስሎኝ።»

«እያረፈች ነው።»

ወደ ውስጥ አየና ሙሽራ መሆኗን ሲያውቅ ቀልዱን ተወ። «ስማ፣ ሁለቱን በቅሎ ላራግፍ። ጭነቱን እዚህ ሰው ይጠብቀዋል። ሙሽሮቹ ይቀመጡባቸው፣ እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ደብረ ብርሃን ናቸው ኢንሻአላህ።»

መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ። የመኪናው ጌታ እኔ ነኝ፣ ሙሽሮቹን በእጄ የተቀበልኩ እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ቃሉ የእኔ ነው። እስከ ዛሬ ሌሊት ሌሊት የማየው ያንን ዓይናቸውን ነው።

እኔ ደግሞ የማስበው ምን ነበር? የከተማው ሰው። ደምሴ። ያ ሁሉ ንግግሬ። በበርበሬ በቅሎ የምትገባ ሙሽራ።

«ሙሄ፣ በርበሬህን ሂድና ሽጥ» አልኩት። «ሙሽራዬ እያስነጠሰች አትገባም። እኔ ቀድሜህ እደርሳለሁ።»

«አንተ ካልክ» አለ። ትንሽ ቆመ፣ ሐሳቤን እንድለውጥ ጊዜ እየሰጠኝ። «እኔ ከላይ ያለችው መንደር ነው የማድረው። ከፈለጋችሁኝ እዚያ ነኝ።» በቅሎዎቹን ነድቶ አለፈን። በበቅሎ ስንቀደም ያኔ መጀመሪያችን ነው።

ከዚያ እስኪጨልም ያደረግነውን አልዘረዝርም። መግፋት፣ ድንጋይ መክተት፣ ማሳረፍ ነው። ያረረው ሽታ ተመልሶ መጣ፤ ከቅቤው ለዓመታት የማውቀው ሽታ። ብርዱ በረታ። የኋላው በር ተከፈተና አስካለ ብቻዋን ወረደች። አዲሱ ጫማዋ አቧራው ላይ ቆመ።

ሽፋኗን ከፊቷ ገለጥ አደረገች። ወደ እኔ መጥታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሽ በቀለ፣ ያ ያተረፉት ዘይት የት አለ?» አለችኝ።

«ሱቅ።»

«እ» አለች።

መሪጌታ መቋሚያቸውን አንስተው ዳገቱን በእግራቸው ተያያዙት፤ ሙሄ ወዳደረበት መንደር። በቅሎዎቹን ይዘው ሲመለሱ ሌሊቱ ገፍቶ ነበር። ሙሄ ራሱ አብሯቸው መጥቷል። ወደ እኔ አልቀረበም፤ ለአስካለ የራሱን ብርድ ልብስ ሰጣትና በቅሎዋን ያዘላት። ጥበቡ በቅሎው ላይ ከወጣ በኋላ «አባባ፣ እርስዎስ?» አለኝ። «መኪናዋን ልጠብቅ» አልኩት። ለመጨረሻ ጊዜ አባባ ያለኝ ያኔ ነው።

የቀረውን የሰማሁት ከሰው ነው። ደብሩ ሲደርሱ ቅዳሴ ተገብቷል። ካህናቱ አዘኑ፤ ግን ሥርዓት ሥርዓት ነው። ሙሄ ከቅጥሩ ውጭ በቅሎዎቹን ይዞ ቆሞ ሳለ ሙሽራውና ሙሽራይቱ ከሕዝቡ ጋር አስቀድሰው ወጡ። ድንኳን ውስጥ የታረደው ከብት ጾም ሊገባ ነውና ተበላ። ሙሽራ በሌለበት ዳስ ሰው በጨዋነት በላ፣ ዘፈን ሳይኖር ወደየቤቱ ሄደ። ሰኞ፣ የጾሙ የመጀመሪያ ቀን፣ መሪጌታ ልጃቸውን ይዘው ወደ አንኮበር ተመለሱ። ከአባቷ ቤት በእልልታ የወጣች ልጅ፣ ሰው በሞላው መንገድ፣ በቀን፣ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። እኔ ይህን ያደረግሁት የሰው ልጅ ላይ ነው።

እሑድ ከሰዓት ከተማ ገብቼ ነበር፤ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥዬ። ዳሱ አልሄድኩም። ሱቄን ከፍቼ ሁለቱን ቆርቆሮ አወረድኩና ሰኞ ጠዋት ደምሴ ጋራዥ ደጃፍ ቆምኩ። እሱ ቆርቆሮዎቹን አየና ኮቱን አነሳ።

መኪናዋ የቀረችበት ስንደርስ ከጎን ያለች ደልዳላ ቦታ ላይ አቆማት፣ ሞተሩን አስነሳ፣ እስኪሞቅ ጠበቀ፣ እየሠራ ዘንጉን መዘዘ። ደረቅ ነው ማለት ይቻላል። ሁለቱን ቆርቆሮ ከተተ። እንደገና ለካ፤ ልክ ምልክቱ ላይ።

«ያጥፏትና ይለኩ» አለኝ። አጠፋሁ፣ ለካሁ። ሞልቶ አልፏል።

ዘንጉን ሲያየው ቆየና፣ «አሁን ገባኝ መሰለኝ» አለ። «ስትሠራ ዘይቱን ወደ ላይ ትጠጣዋለች። ስትጠፋ ወደ ሆዷ ትመልሰዋለች። ጠፍታ ያየነው ሙሉ፣ ስትነሳ ግማሹ የለም። ዳገት ላይ ደግሞ የቀረው ዘይት ወደ ኋላ ይሸሽና ንፋስ ትስባለች።» ከዚያ ትንሽ አሰበና፣ «ሐሙስ ዕለት ይሄን ብናገር ኖሮ?» አለኝ።

«አልሰማህም ነበር» አልኩት። እውነቱ እሱ ነው።

ይግቡ ብሎ መሪውን ያዘ። መኪናዋ ያንን ዳገት ወጣች። አልጮኸችም፣ አልሸሸችም። ሚዜው የከተታቸውን ድንጋዮች አንድ በአንድ እያለፍን፣ የኋላው ወንበር ባዶ ሆኖ፣ ሜዳው ላይ እስክንደርስ አንድ ጊዜ አላቆመችም። ብትቆም እንዴት ደስ ባለኝ።

እናንተ አንባቢዎች፣ እንዲህ ያለ መኪና ከገዛችሁ የካምቢዮዋን ዘይት በሰላሙ ቀን ቀይሩት፤ ቀይነቱ መጥፋት ሲጀምር፣ ገና ሳይሸት፣ ምንም ጉዳይ ሳይኖራችሁ። የዘገየ እንደሆነም ይለወጥ፤ መለወጡ አልጎዳኝም። ብቻ በሠርግ ዋዜማ አታድርጉት፤ ጥቂት ቀን ሜዳ ላይ ንዱት። ሞተሩ እየሠራ፣ ሞቆ፣ ደልዳላ ቦታ ላይ ለኩት። የተረፈውን ከኋላ ይዛችሁት ሂዱ። ይህን ሁሉ ደምሴ ነግሮኛል፣ ግማሹን አሜሪካዊው ነግሮኛል። እኔ ግን የምጠይቀው «ለምን?» ብቻ ነበር፤ መልሱን ያላወቀ ሰው ሁሉ የሚያታልለኝ ይመስለኛል። ምክንያቱን የማይናገር ሰው ትክክል ሊሆን እንደሚችል ያኔ አላውቅም ነበር። አሁን ቅቤ የምታመጣ ሴት «እንዲህ ነው» ስትለኝ እንዲህ ነው እላለሁ። አንዳንዴ ታታልለኛለች። ይሁን።

መኪናዋን ሸጥኳት፤ ለገዢው ስለ ቀዩ ዘይት ሁለት ጊዜ ነገርኩት፣ ዘይት የሚሸጥ ዘመድ ያለኝ ሳይመስለው አልቀረም። አስካለ ከፋሲካ በኋላ ጥበቡን በአንኮበር በተክሊል አገባች። ደብሩ ድረስ የሄደችው በበቅሎ ነው፤ በቅሎው የሙሄ ነበር። እኔ አልተጠራሁም። ጥበቡ አሁን ቄስ ነው፣ ሦስት ልጆች አሉት፤ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ መስቀል ያሳልመኛል፣ «አቶ በቀለ» ይለኛል። መሪጌታ ሳንነጋገር አረፉ። በትርፍ በኩል ያለው ሁለት ባዶ ቆርቆሮ ነው።